መዳብ እንዲህ ይዋረድ?

ዕድሜዬን የጨረስኩት ምሰሶ ስወጣ፣ ጉድጓድ ስገባ፣ መዳብ ስጎትት ነው። በምኒልክ ጊዜ የስልክ ሽቦ ከሐረር ተነስቶ፣ ያን ሁሉ ገደልና በረሃ አቋርጦ አዲስ አበባ ገብቷል። ዘንድሮስ? የእህቴ ልጅ የሚሠራበት ሰርቨር ክፍል ወሰደኝና በሁለቱም ጫፉ የብረት ራስ የተደፋበት፣ ደረቅ ጥቁር ገመድ አስጨበጠኝ።

«ዳክ ይባላል፣ ጋሼ።»

ዳክዬ መስሎኝ አስደገምኩት።

«መዳብ ነው። በሰከንድ 400 ጊጋ ቢት የሚያሳልፍ።»

«የት ድረስ ይሄዳል?»

«ሁለት ሜትር።»

ሁለት ሜትር! ጋቢዬ ከዚያ ይረዝማል። የድሮውን መዳብ ሌባ በሌሊት ቆርጦ በኪሎ ይሸጠው ነበር፤ ይሄንንማ ሌባም ጎንበስ ብሎ አያነሳው።

ልጁ ማስረዳት ጀመረ፤ ለእናቷ ምጥ አስተማረቻት። ፍጥነቱ ሲበዛ ኤሌክትሪኩ የሽቦውን መሀል ትቶ በገጹ ብቻ ይሮጣል፣ ጉልበቱም መንገድ ላይ ያልቃል። በአንድ መስመር 10 ጊጋ ሲጫን 7 ሜትር ይደርሳል፣ 25 ሲጫን 5፣ 50 ሲጫን 3፣ 100 ሲጫን 2። ገመዱ ውስጥ ያለው አራት መስመር ተደምሮ ነው እንግዲህ ያ 400 የሚሉት። ልክ እንደኔ ጉልበት፤ በጫኑበት ቁጥር ያጥራል።

«ታዲያ ፋይበር አታስገቡም?» አልኩት።

ፋይበር ከሆነ በየጫፉ የሚሰካው ሞጁል ብርሃን ለመሥራት መብራት ይበላል፣ ይግላል፣ ዋጋውም አይቀመስም። መዳቡ ግን ምንም አይጠይቅም። ቺፕ ሠሪው ኤንቪዲያ እንኳ በ2024 እ.ኤ.አ. 72 የግራፊክስ ፕሮሰሰር በአንድ ራክ (የሰርቨር መደርደሪያ) አስተሳስሮ ሲያሳይ ያገናኘው ከ5,000 በላይ በሆነ የመዳብ ገመድ ነው፤ አለቃው ጄንሰን ኋንግ በብርሃን ቢሆን 20 ኪሎ ዋት ይፈጅ ነበር ብሏል። «መዳብ ሞቷል» ብለው ጡረታ ያስወጡኝ ሰዎች ይህን ሰምተው ይሆን?

በሰማሁት ደስ ብሎኝ ገመዱን ራሴ ልሰካው ተነሳሁ። ሰርቨሮቹን የሚያገናኘው ስዊች ላይ፣ ሰርቨሩ ታች፤ ራኩ ብቻውን ሁለት ሜትር ነው። ብጎትት ብጎትት አንድ ክንድ ጎደለ። ጠምዝዤ በአቋራጭ ላስገባው ስል፣ «ይሰበራል ጋሼ!» ብሎ ጮኸብኝ።

በኛ ጊዜ ገመዱን ነበር ወደ ሰው የምንወስደው። አሁን አራት ብሎን ፈትተን ሰርቨሩን ወደ ገመዱ አወጣነው። ወገቤ እስከ ዛሬ አልተመለሰም።