ሁሉም ይመሳሰላል፣ አንዱም አይገባም

የኤሌክትሪክ ተራራ ብስክሌት የምንነዳ ሰዎች መንገድ ላይ ስንገናኝ ከሰላምታ ቀጥሎ የምንጠያየቀው ስለ ዕቃ ነው። «ካቴና ከየት አገኘህ?» «የፍሬን ሸራ የሚያመጣልኝ ሰው ታውቃለህ?» «ባትሪህ አሁንም ይይዛል?» ጥያቄው ዓመት ከዓመት ያው ነው፤ መልሱም ያው፦ የለም። ብስክሌቱስ አላማረረንም። ያማረረን መለዋወጫው ነው።

አዲስ አበባ ራሷ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ የእንጦጦ ጫፍ ደግሞ 3,000 ሜትርን ያልፋል። በዚያ ዳገት ላይ ሞተር ትልቅ ውለታ ነው። ጉልበቱ የደከመ አባት ከልጆቹ ጋር እኩል እንዲወጣ ያደርጋል። ነገር ግን ሞተሩ ፔዳሉ ጋ የተተከለ ከሆነ ኃይሉ ሁሉ የሚያልፈው በካቴናውና በኋላ ማርሹ ላይ ነው። በሰው እግር ላይ 85 ኒውተን ሜትር ሲጨመርበት ካቴናው ቶሎ ይረዝማል፣ የማርሹም ጥርስ ይሾላል። ብስክሌቱ 22 ወይም 25 ኪሎ ስለሚመዝን ቁልቁለቱ ላይ ፍሬኑ ይግላል። ስለዚህ «ብስክሌቴን ላሻሽል» የሚል ሰው ቅንጦት አምሮት አይደለም። ጠንካራ ካቴና፣ ባለ አራት ፒስተን ፍሬን፣ ከ180 ወደ 203 ሚሊ ሜትር ያደገ ዲስክ የሚፈልገው በሰላም ወርዶ ቤቱ ለመግባት ነው።

መከራው የሚጀምረው ታዲያ እዚህ ላይ ነው። የኋላ ጎማ ከነቸርኬው ለመቀየር በመጀመሪያ የአክሰሉን ስፋት ማወቅ ያስፈልጋል። 135 ሚሊ ሜትር አለ፣ 142 አለ፣ 148 አለ፣ 157 አለ። በ142 እና በ148 መካከል ያለው ልዩነት 6 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ በዓይን አይለይም። ለዚያች 6 ሚሊ ሜትር ሲባል ግን ምንም ያልሆነ ቸርኬ ግድግዳ ተደግፎ ይቀመጣል። የጎማውም ቁመት 26፣ 27.5 እና 29 ኢንች ተብሎ ሦስት ቦታ ተከፍሏል።

ማርሹ የሚሰካበት ቦታ ደግሞ የባሰ ነው። ለብዙ ዓመታት አብዛኛው የተራራ ብስክሌት ዕቃ ሠሪው ሺማኖ ባወጣው አንድ ዓይነት መሰኪያ ይሠራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 ሌላው ዕቃ ሠሪ ስራም ኤክስዲ የሚባለውን አመጣ፤ በ2018 ሺማኖ ራሱ ማይክሮ ስፕላይን የሚባል ሌላ አመጣ። ምክንያት አላቸው፤ ባለ 10 ጥርስ ትንሽ ማርሽ በአሮጌው መሰኪያ ላይ አትገባም። ይህን እንቀበላለን። የማንቀበለው ለአንድ ችግር ሁለት መፍትሔ ተሠርቶ ሁለቱ እርስ በርስ እንዳይተካኩ መደረጉን ነው። የዚህን ዋጋ የምንከፍለው እኛ ነን።

ፍሬኑም ከዚህ አልተረፈም። ሺማኖ የሚሠራው በማዕድን ዘይት ነው፤ የስራም ፍሬኖች ግን ለረጅም ጊዜ ዶት በሚባል ሌላ ዘይት ሲሠሩ ኖረው አሁን አንዳንዶቹ ወደ ማዕድን ዘይት ዞረዋል። አንዱን በሌላው የሞላ ሰው ጎሚኒዎቹ አብጠው ፍሬኑ ይበላሽበታል። ዲስኩ በስድስት ቡሎን የሚታሰር አለ፣ መሐሉ ላይ በአንድ ቀለበት የሚታሰርም አለ። በአንዳንድ ሞተሮች ላይ ደግሞ ፍጥነት ለመለካት የምታገለግለዋ ማግኔት ያለችው እዚያው ዲስኩ ማሰሪያ ላይ ነው። ዲስክ ሲቀየር ማግኔቷ ቦታዋን ካጣች ሞተሩ የስሕተት ቁጥር አውጥቶ መርዳቱን ያቆማል። ፍሬን የቀየረ ሰው ሞተር አጥቶ ይመለሳል ማለት ነው።

ሱቅ ስንሄድ ሌላ ድካም ይጠብቀናል። መርካቶ ለመኪና መለዋወጫ ሶማሌ ተራ አላት፤ ለአሮጌ ዕቃ ምናለሽ ተራ አላት። ለእንዲህ ያለ ብስክሌት ግን ሁነኛ ቦታ የለም። የሚገኘው በአብዛኛው ለቀላል ብስክሌት የመጣ ዕቃ ነው፤ ሻጩም «ይገባል ወንድሜ፣ ሁሉም አንድ ነው» ይላል። ካሊፐር አውጥቶ የሚለካ ሻጭ ብርቅ ነው። ቤት ወስደን ሳይገባ ሲቀር «የተከፈተ ዕቃ አንመልስም» እንባላለን። በኦሪጅናል ዋጋ ፎርጂድ መግዛት ደግሞ ያልደረሰበት የለም። የፍሬን ሸራ ፎርጂድ መሆኑ የሚታወቀው ቁልቁለት ላይ ነው፤ በዚያ ሰዓት ደግሞ ገንዘብ ከመክሰር የከፋ ነገር አለ።

የቶርኖ ቤት ባለሙያዎቻችን ይመስገኑ። የተበላ ቡሎን፣ የተጣመመ የማርሽ መስቀያ፣ የጠበበ ኩሽኔታ ቤት አስተካክለው ስንቱን ብስክሌት ከመጣል አድነዋል። የኤሌክትሮኒክሱን ቁልፍ ግን ቶርኖ አይከፍተውም። የጎማ መጠን ስንቀይር ፍጥነቱ በትክክል እንዲነበብ ሞተሩ ውስጥ ያለው ልክ መስተካከል አለበት፤ ልዩነቱ ከፍ ካለ ያንን የሚያደርገው ፈቃድ ያለው የነጋዴ ኮምፒውተር ነው። ሞተር ሠሪው ቦሽ እ.ኤ.አ. በ2021 አዲስ ሥርዓት ሲያወጣ ከቀድሞው ሥርዓቱ ባትሪና ሞተር ጋር እንዲገጥም አላደረገውም። የአንድ ፋብሪካ ስም፣ የአንድ ፋብሪካ ዕቃ፤ ግን አሮጌው ከአዲሱ አይነጋገርም።

ባትሪውማ ከሁሉም የከፋው ነው። ሌላው ዕቃ ቢቸግር ከዋሽንግተን ወይም ከፍራንክፈርት የሚመጣ ዘመድ በሻንጣው ይይዝልናል። ባትሪን ግን አይችልም። የመንገደኛ አውሮፕላን ደንብ የሚፈቅደው እስከ 100 ዋት ሰዓት ነው፤ በአየር መንገዱ ፈቃድ እስከ 160። የእኛ ባትሪ 500፣ 625፣ 750 ነው። ደንቡ ትክክል ነው፤ የሊቲየም እሳት በሰማይ ላይ ቀልድ አይደለም። ስለዚህ ያለው መንገድ እንደ አደገኛ ጭነት በካርጎ ማስመጣት ነው፤ የማጓጓዣውና የቀረጡ ሒሳብ ሲደመር ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ ይተወዋል። ሴሎቹን እዚሁ እንቀይር ብንል አንዳንዱ ባትሪ ተከፍቶ ሴሉ ከተነሣ የውስጥ መቆጣጠሪያው ራሱን ይቆልፋል። በዚህ ላይ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ ሲሆን የዕቃው ዋጋ በብር ወደ ላይ ተተኮሰ።

መፍትሔ የለውም እንዳይባል መኖሩን አይተናል። ስራም እ.ኤ.አ. በ2019 አንድ ወጥ የማርሽ መስቀያ አውጥቶ ለፍሬም ሠሪዎች ሁሉ ክፍት አደረገው፤ ቀድሞ እያንዳንዱ ፍሬም የየራሱን ይጠይቅ ነበር። ሺማኖም በ2023 ኪዩስ በሚለው ሥራው ባለ 9፣ ባለ 10 እና ባለ 11 ማርሽ ዕቃዎችን በአንድ ልክ አቀራረበ። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 ያወጣው የባትሪ ደንብ ደግሞ ከፌብሩዋሪ 18 ቀን 2027 ጀምሮ የእንዲህ ያሉ ተሽከርካሪዎች ባትሪ፣ ሴሎቹም ጭምር፣ በማንኛውም ገለልተኛ ባለሙያ እንዲቀየር ያዛል። መቀየሩን በሶፍትዌር ማገድን ይከለክላል፤ የዚያ ሞዴል ሽያጭ ካበቃ በኋላም ባትሪው ቢያንስ 5 ዓመት እንዲገኝ ይጠይቃል። ሲፈለግ ይቻላል ማለት ነው።

እኛም የምንለው ይህንኑ ነው። አስመጪው ብስክሌቱን ሲያስገባ ካቴናውን፣ የፍሬን ሸራውንና የማርሽ መስቀያውን አብሮ ያስገባ። ሻጩ የአክሰሉን ልክ፣ የመሰኪያውን ዓይነትና የዘይቱን ስም በወረቀት ጽፎ ይስጠን፤ ያልለካውን «ይገባል» አይበለን። ፋብሪካውም የሚያልቅ ነገር እንደሚያልቅ እያወቀ ቁልፉን ለራሱ ብቻ አይያዝ። ሀገራችን ነዳጅ የማይጠጣ ተሽከርካሪ ይምጣ ብላ በሩን ከፍታለች፤ የመጣው ሁሉ በአንዲት መስቀያ ወይም በአንድ ባትሪ ምክንያት በረንዳ ላይ ዝጎ የሚቀር ከሆነ ግን የገዛነው ቆሻሻ ነው። መለዋወጫ የሌለውን ብስክሌት አትሽጡልን።