ሦስት ቁጥርና ተርጓሚዎቿ

ዋየርሻርክ ከፍቶ የኔትወርክ ትራፊክ የሚመረምር ባለሙያ ሞገሱ ልዩ ነው። ስክሪኑ ላይ ባለቀለም መስመሮች ይወርዳሉ፤ እሱ ጣቱን ይቀስርና «አያችሁ? መድረሻው ጋ መድረስ አልተቻለም እያለ ነው» ይለናል። እኛም ራሳችንን እንነቀንቃለን።

ፓኬቱን የላከው መሣሪያ ግን እንዲህ አላለም። የላከው 3 ቁጥርን ነው። ቀሪውን የሞላው በዋየርሻርክ ምንጭ ኮድ ውስጥ ያለ፣ ሰው ቁጭ ብሎ የጻፈው ሠንጠረዥ ነው፤ በአንድ በኩል ቁጥር፣ በሌላ በኩል ስም።

ይህችው 3 ደግሞ እንደገባችበት ቤት ናት። አይሲኤምፒ በሚባለው ፕሮቶኮል ዘንድ «መድረሻው አይደረስበትም» ትላለች። በዲኤንኤስ የመልስ ኮድ ሆና ስትመጣ «እንዲህ የሚባል ስም የለም»፤ በዲኤችሲፒ የመልእክት ዓይነት ሆና ደግሞ አድራሻ ትለምናለች። ይህ ሁሉ እያለ «ዓይነቱ 3 ከሆነ» ብሎ ኮድ ጽፎ፣ አንዲት መስመር ማብራሪያ ሳይተው ወደ ቤቱ የሚሄድ ፕሮግራመር አለ። ብትጠይቁት «ግልጽ ነው እኮ!» ይላችኋል።

ለቁጥር የሚሰጠው ስም ራሱ ቢሆን ከሰማይ አልወረደም። እ.ኤ.አ. በ1998 ለኤፕሪል 1 ቀልድ የወጣ አንድ ሰነድ፣ በሻይ ማንቆርቆሪያ ቡና ላፍላ ለሚል ሰው «እኔ ማንቆርቆሪያ ነኝ» የሚል መልስ በ418 ቁጥር ደነገገ። ቀልዱ በየፕሮግራሙ ከመሰራጨቱ የተነሳ፣ የ2022ቱ የኤችቲቲፒ መስፈርት ቁጥሩን ለሌላ ሥራ እንዳይሰጥ አስቀምጦታል። (ቡና አፍልቶ ለሚያውቅ ሰው መልሱ ትክክል ነው።)

በሠንጠረዡ የሌለ ቁጥር ሲመጣ ዋየርሻርክ ሳያፍር «አይታወቅም» ይልና ቁጥሩን አጠገቡ ያስቀምጣል። ጨዋ መልስ ነበር። ባለሙያችን ግን «ሃከር ገብቷል!» ብሎ ይነሳል፤ ቢሮው የህልም ፈቺ ቤት ይሆናል። አንድ መስመር ከሠንጠረዥ ስለጎደለ ስብሰባ ይጠራል።

እሱ የሚያምነው የታወቀውን ስም ነው። የዲኤንኤስ በሆነው ፖርት 53 ሌላ ነገር ቢያልፍ ዋየርሻርክ የፖርቱን ቁጥር አይቶ ዲኤንኤስ ነው ብሎ ሊገምት፣ ሳይገጥምለት ሲቀር ደግሞ «የተበላሸ ፓኬት» ብሎ ሊጽፍ ይችላል። ባለሙያችንም ደህናውን የዲኤንኤስ ሰርቨር ያጠፋና ያበራል። ግምቱ ሊስት እንደሚችል የሚያውቁት የዋየርሻርክ ሠሪዎች ግን «ዲኮድ አዝ» የሚል ምርጫ አስቀምጠውለታል። መስመሩ ላይ ቀኝ ክሊክ አድርጉ፤ እዚያው ነው።