ስለ መግደርደር የቀረበ አጭር ሐተታ

ስለ ሐበሻ ማንነት ሊቃውንት ብዙ ደክመዋል፤ አንዱ በቋንቋ፣ አንዱ በሃይማኖት፣ ሌላውም ከቀይ ባሕር ማዶ ተሻገረ በተባለው ነገድ እያሳበበ ሲከራከር ኖሮ፣ ነገሩ እስከ ዛሬ እልባት አላገኘም። እኔ ግን ከማዕድ ዙሪያ ሳልርቅ ባደረግሁት የብዙ ዘመን ምርምር፣ ሐበሻን ሐበሻ የሚያሰኘው ጠባይ መግደርደር መሆኑን ደርሼበታለሁ። አጀማመሩ ግን ስውር ነው፤ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ንጉሥ ዒዛና ማዕረጉን በድንጋይ ሲያስቀርጽ አክሱምንም፣ ሒምየርንም፣ ሳባንም፣ ሐበሻንም አንድ በአንድ ሲጠቀልል፣ «ኧረ ይበቃኛል» ያለበት መስመር ስለማይገኝ፣ ልማዱ ከእርሱ በኋላ የመጣ ይመስላል።

መግደርደር እንደ ቅዱስ ያሬድ ዜማ በሦስት ይከፈላል። ግዕዙ «አይ፣ ይቅርብኝ» የሚለው ደረቅ እንቢታ ነው፤ ማንም ስለማያምነው አናትትበትም። ዕዝሉ ረቡዕና ዓርብ የሚሰማው «ጾመኛ ነኝ» ነው፤ ቀኖና ቢደግፈውም፣ ሰዓቱ 9 ካለፈና ባለቤቲቱ «ሽሮ እኮ ነው» ካለች ይወድቃል። ሊቅ የሚያሰኘው አራራዩ ነው፤ እርሱም እጅን ደረት ላይ አኑሮ፣ ዓይንን ከሞሰቡ ሳይነቅሉ «አሁን በላሁ» ማለት ነው። ትርጓሜውም እንዲህ ይወርዳል፦

አሁን በላሁ አለ፤ ጧት ቁርስ በላሁ ሲል ነው። አንድም ትናንት ማታ በላሁ ሲል ነው፤ አሁን ማለቱ ዓለም ከተፈጠረ ጀምሮ ሲቈጠር ነው። አንድም አልበላሁም፣ ነገር ግን ለመብላት መጣ እንዳትሉኝ ሲል ነው። አንድም ሁለት ጊዜ ለምኑኝ ሲል ነው፤ ስለምን ሦስት አላለም ቢሉ፣ ወጡ እንዳይቀዘቅዝ።

የዚህ ሁሉ መልስ አንዲት ቃል ናት፦ «በሞቴ!» ነፍሳቸውን ይማርና፣ አክስቴ በአንድ እራት ሰባት ጊዜ ሲሞቱ ቈጥሬአለሁ፤ ሦስቱን ለዶሮው ብልት፣ አንዱን ለእንቁላሉ፣ የቀረውን ለጉርሻ። ጉርሻቸውም ጉንጭን ከዳር እስከ ዳር የሚሞላ ስለ ነበረ፣ እንቢ ለማለት የሚተርፍ ምላስ አልነበረም። ከሰባተኛው ሞት ተነሥተው ቡናውን ሲያፈሉ፣ «ዛሬስ ምንም አልበላህልኝ» እያሉ ያዝኑ ነበር።

ቀጥዬ የአራራዩን ቅርንጫፎች፣ ይልቁንም ሁሉ እያያት ማንም ሳይነካት ከትሪው መካከል ብቻዋን ስለምትቀረው የመጨረሻ ቁራጭ ሥጋ በሰፊው ልጽፍ አስቤ ነበር። ነገር ግን በዋሽንግተን ካደገው የእኅቴ ልጅ ቤት በእንግድነት በደረስሁ ጊዜ ምርምሬ ሁሉ ፈረሰ። ጥብሱ ገና እየተንቸሰቸሰ ነው፤ እኔም ከንጋት ጀምሮ እህል አልቀመስሁም።

«ጋሼ፣ ምሳ ይበላሉ?» አለኝ።

እጄን ደረቴ ላይ አኑሬ፣ ዜማውን ሳላጓድል፣ «አሁን በላሁ ልጄ» አልሁት።

«እሺ ጋሼ» አለና ለራሱ አቅርቦ ይበላ ጀመር።

እንግዲህ ወደ ቤትህ ጎራ ያልሁ እንደ ሆነ፣ አንባቢ ሆይ፣ ከወዲሁ እወቀው፤ አልበላሁም።