ይድረስ ለግማሽ ሰው ሠንጠረዥ

ለክቡር የቦታ መለኪያ ሠንጠረዥ
በ1985ቱ የእንግሊዝ የቤቶች ሕግ፣ አንቀጽ 326
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ያልተቆጠሩ ሕፃናትን ይመለከታል

ክቡርነታቸው የሰውን ልጅ በሦስት ይመድባሉ። ዐሥር ዓመት የሞላው አንድ ሰው ነው። ዓመት ሞልቶት ዐሥር ያልደረሰው ግማሽ ሰው ነው። ዓመት ያልሞላው ደግሞ ከቁጥር አይገባም፤ ይጠባል፣ ያለቅሳል፣ ቤቱን ሁሉ ሌሊት ያነቃል፣ ግን የለም። በእንግሊዝ አንድ መኖሪያ ቤት በሕግ ፊት ተጨናንቋል ወይስ አልተጨናነቀም የሚባለው በዚህ ሒሳብ ነው። ጠባብ በሆነ የካውንስል (የአካባቢ አስተዳደር) ቤት ትንንሽ ልጆች የሚያሳድግ ቤተሰብ ሰፋ ወዳለ ቤት ልዛወር ሲል ከክቡርነታቸው ጋር መተዋወቁ አይቀርም።

ክፍልንም የሚያዩት በራሳቸው ዐይን ነው። በአካባቢው ልማድ ለመኝታ ወይም ለሳሎንነት የሚያገለግል ክፍል ሁሉ መተኛ ነው፤ ስለዚህ ባለ አንድ መኝታ ፍላት እሳቸው ዘንድ ባለ ሁለት ክፍል ይሆናል። አንድ ክፍል 2 ሰው ይይዛል፤ ሁለት ክፍል 3፣ ሦስት ክፍል 5፣ አራት ክፍል 7 ተኩል። ከአምስት ክፍል ጀምሮ ለእያንዳንዱ 2 ሰው ይታሰባል። ከዚህ ጎን የስፋት ስሌትም አለ። 110 ስኩዌር ፊት፣ ማለትም 10 ካሬ ሜትር ገደማ የሆነ ክፍል ለሁለት ሰው ይበቃል፤ ከ50 እስከ 70 ስኩዌር ፊት ያለው ለግማሽ ሰው ነው፤ ከ50 በታች የሆነው ጭራሽ አይቆጠርም። ጠባብ ክፍልና ጨቅላ ሕፃን በሕጉ እኩል የሚስተናገዱት እዚህ ላይ ነው። ከሁለቱ ስሌቶች አነስተኛውን ቁጥር የሰጠው ይጸናል።

ጎረቤታቸው አንቀጽ 325 ደግሞ የጨዋነት ጠባቂ ነው። ዐሥር ዓመት የሞላቸው፣ ባልና ሚስት ያልሆኑ ወንድና ሴት በአንድ ክፍል ለመተኛት ከተገደዱ ቤቱ ተጨናንቋል ይላል። መፍትሔው ግን ከደንቡ ውስጥ ይገኛል፦ አባት ከወንድ ልጁ ጋር ሳሎን፣ እናት ከሴት ልጇ ጋር መኝታ ቤት ቢተኙ ደንቡ ተከበረ። ባል ከሚስቱ ሲለይ ቤቱ ይሰፋል ማለት ነው፤ ለሽማግሌዎች ይህን ማስረዳት ሊያስቸግር ይችላል።

ክቡርነታቸው የተወለዱት ፋሺስት ኢጣሊያ ኢትዮጵያን በወረረችበት ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1935 ነው (በዚህ ደብዳቤ ያሉት ሌሎች ዓመታትም በዚያው አቆጣጠር ናቸው)። በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ ከተሞች አንድ ሙሉ ቤተሰብ በአንዲት ክፍል የሚኖርባቸው መንደሮች ብዙ ነበሩ። ሕግ አውጪዎቹ ልኩን ሆን ብለው ዝቅ ያደረጉት ወዲያው ሊተገበር የሚችል መነሻ እንዲሆን ነበር እንጂ ሰው ሊኖርበት የሚገባውን ኑሮ አገኘነው ብለው አይደለም። ነገሩ ሲሻሻል ልኩም ከፍ ይላል ተብሎ ነበር። ልኩ በ1957ቱ ሕግ ተላለፈ፣ በ1985ቱ እንደገና ተላለፈ፣ እስከዛሬም አለ፤ ለሰርግ የተጣለ ዳስ ሙሽሮቹ የልጅ ልጅ አይተውም ሳይፈርስ እንደቆየ ማለት ነው።

ሒሳቡ በምሳሌ ሲታይ ይበልጥ ያምራል። እናትና አባት፣ የስድስት ዓመት ሴት ልጅ፣ የሦስት ዓመት ወንድ ልጅና አዲስ የተወለዱ መንትዮች ባለ አንድ መኝታ የካውንስል ፍላት ውስጥ ይኖራሉ እንበል። ወላጆቹ 2፣ ትልልቆቹ ልጆች ተደምረው 1፣ መንትዮቹ 0፤ ድምር 3። ክፍሎቹ በቂ ስፋት ካላቸው ሁለቱ የሚይዙት 3 ነው። ስድስት ነፍስ፣ ሁለት ተደራራቢ አልጋ፣ ኮሪደሩን የዘጋ የመንትያ ጋሪ፣ ሳሎን ውስጥ የሚደርቅ ልብስ፤ መጨናነቅ ግን የለም። መንትዮቹ የመጀመሪያ ልደታቸውን ሲያከብሩ እያንዳንዳቸው ግማሽ ሰው ይሆናሉ፣ ድምሩ 4 ይገባል፣ ቤቱም በዚያው ዕለት ተጨናነቀ። ማጨናነቅ ወንጀል ቢሆንም ክቡርነታቸው ጨካኝ አይደሉም፦ ልጅ ዕድሜው ስለጨመረ የመጣ መጨናነቅ ከሆነና ተከራዩ ሌላ ቤት ይሰጠኝ ብሎ ካውንስሉን ከጠየቀ በአንቀጽ 328 አይጠየቅበትም። ማመልከቻው ከክስ ያድናል፤ ቤት ማስገኘቱ ሌላ ጉዳይ ነው።

ይኸው መንግሥት ሕፃን በተወለደ በ42 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ ያዛል። ለንደን ያለ የኦርቶዶክስ ቤተሰብም ወንዱን በ40፣ ሴቷን በ80 ቀን ክርስትና ያስነሣል። መዝገብ ቤቱም ቤተ ክርስቲያኑም ሰው መሆኑን ተቀብለው ሲያበቁ ሠንጠረዡ ብቻ ዓመት እስኪሞላው ይጠብቃል። ልጅ በዕድሉ ያድጋል የሚለውን አባባል ክቡርነታቸው ከአበሾች ሰምተው ቃል በቃል ሥራ ላይ ያዋሉት ይመስላል።

ሌላ መለኪያም አለ። ከ1960ዎቹ ጀምሮ በመንግሥት የቤት ጥናቶች ሲሠራበት የኖረው የመኝታ ክፍል ልክ ለጥንዶች አንድ መኝታ ይሰጣል፤ 21 ዓመት ለሞላው ሌላ ሰው ሁሉ ለብቻው አንድ፤ ከ10 እስከ 20 ዓመት ላሉ ሁለት ተመሳሳይ ፆታዎች አንድ፤ ከዐሥር ዓመት በታች ላሉ ማናቸውም ሁለት ልጆች አንድ። ሳሎንን መኝታ አያደርግም፣ ጨቅላንም ይቆጥራል። መንግሥት በ2012 ባወጣው መመሪያ ካውንስሎች ቤት ሲያከፋፍሉ ቢያንስ በዚህ እንዲመዝኑ መክሯል። ከላይ ያለው ቤተሰብ በዚህ ሲለካ ሦስት መኝታ ያስፈልገዋል፣ ያለው አንድ ነው፣ የጎደለው ሁለት። አንዱ የካውንስል ጠረጴዛ ሁለት መኝታ ጎድሏችኋል ሲል ሌላው በሕግ አልተጨናነቃችሁም ይላል። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ደብዳቤዎቹም በአንድ ፖስታ ሊመጡ ይችላሉ።

በ1996ቱ የቤቶች ሕግ መሠረት በተጨናነቀ ቤት የሚኖር ሰው በቤት ድልድል ተገቢ ቅድሚያ ከሚሰጣቸው አንዱ ነው። ቅድሚያ ግን ቅድሚያ ካላቸው ሌሎች ጋር ተሰልፎ ነው። በእንግሊዝ ካውንስሎች የጥበቃ ዝርዝር ላይ ያለው ቤተሰብ ወደ 1.3 ሚሊዮን ይጠጋል። ብዙ ካውንስሎች አመልካቾችን በደረጃ ይከፍላሉ፤ አንድ መኝታ የጎደለው ዝቅ ያለ፣ ሁለትና ከዚያ በላይ የጎደለው ከፍ ያለ ደረጃ ያገኛል። ከዚያ ባዶ ቤቶች በኢንተርኔት ይለጠፋሉ፣ ተጠባባቂው ቢድ ያደርጋል፣ ማለትም ይህን ቤት እፈልጋለሁ ብሎ ያመለክታል፤ ገንዘብ አይጠየቅም፣ የሚወዳደረው ደረጃውና በዝርዝሩ የገባበት ቀን ነው። ቢድ የሚደረግባቸው ባለ ሦስት መኝታ ቤቶች ለምን ጥቂት እንደሆኑ ለሚጠይቅ፣ በ1980 የወጣው ሕግ ተከራዮች የካውንስል ቤታቸውን በቅናሽ እንዲገዙ ከፈቀደ ወዲህ በእንግሊዝ ብቻ ሁለት ሚሊዮን ገደማ ቤቶች ተሸጠዋል። ጓሮ ያላቸው የቤተሰብ ቤቶች ቀድመው ሄዱ፤ ከቀሩት ውስጥ ፍላቶች በርካታ ናቸው።

ትዕግሥቱ ያለቀ ቤተሰብ ቤት እንደሌለው ተቆጥሮ እርዳታ ሊጠይቅ ይችላል፤ ሕጉ ጣራ እያለውም ቢሆን እዚያ መኖሩን መቀጠል ምክንያታዊ ያልሆነበትን ሰው ቤት አልባ ይለዋልና። በ2007 ግን የይግባኝ ፍርድ ቤት ቤቱ በሕግ እስከሚያስቀጣ ድረስ መጨናነቁ ብቻውን እዚያ መኖርን ምክንያታዊ አያሳጣውም ሲል ወሰነ። ካውንስሉ የአካባቢውን አጠቃላይ የቤት ሁኔታ ማመዛዘን ይችላል። ጎረቤት ሁሉ ከተጨናነቀ፣ መጨናነቅ የሰፈሩ ወግ ነው።

የ2004ቱ ሕግ ደግሞ መጨናነቅንና የቦታ ጥበትን ከቤት ውስጥ የጤና አደጋዎች መድቦ ለካውንስል ተቆጣጣሪዎች አከራዮችን በማስጠንቀቂያ የማስገደድ ሥልጣን ሰጥቷል። አከራዩ ራሱ ካውንስሉ ሲሆን ግን ለራሱ ማስጠንቀቂያ መጻፍ አይችልም። በግል አከራይ ቤት የተጨናነቀ ሕፃን በዚህ ረገድ የተሻለ ዕድል አለው።

የቀረው መንገድ ልውውጥ ነው። ቋሚ የካውንስል ተከራይ ከሌላ ተከራይ ጋር ቤት የመለዋወጥ መብት አለው፤ አከራዩም በ42 ቀን ውስጥ መልስ መስጠትና እምቢ ካለ በሕግ ከተዘረዘሩት ምክንያቶች አንዱን መጥቀስ አለበት። ይህ መንገድ በእርግጥ ይሠራል፤ የሚያስፈልገው ልጆቹን ድሮ የዳረ፣ ባለ ሦስት መኝታ ቤት ውስጥ ብቻውን የቀረና ባለ አንድ መኝታ የሚመኝ ሰው ማግኘት ነው። አንዳንድ ካውንስሎች ትልቅ ቤት ለሚለቁ ገንዘብ ይሰጣሉ። ሆኖም አንድ አዛውንት አርባ ዓመት የተንከባከቡትን ጽጌረዳ ትተው አምስተኛ ፎቅ እንዲወጡ ማግባባት ለማንም ቀላል አይደለም።

ክቡርነታቸውን ለማሳረፍ አዲስ ሕግ እንኳ አያስፈልግም። ያው የ2004ቱ ሕግ፣ አንቀጽ 216፣ መጨናነቅ የሚለካበትን መንገድ በትእዛዝ የመለወጥ ሥልጣን ለሚኒስትሩ ሰጥቷል። ከዚያ ወዲህ ሚኒስትሮች መጥተው ሄደዋል፤ ሠንጠረዡ እንደነበረ ነው። ስለዚህ ክቡርነታቸው ለዘመናት ስላበረከቱት አገልግሎት ተመስግነው በክብር ጡረታ እንዲወጡ፣ ዓመት ያልሞላው ሕፃንም በልደት ምስክር ወረቀቱ ላይ እንዳለው አንድ ሰው ተብሎ እንዲመዘገብ በትሕትና ይጠየቃል።

ግልባጭ፦
ለቤቶች ሚኒስትር
ለእናትና ለአባት (ለእያንዳንዳቸው አንድ ቅጂ)
ለትልልቆቹ ልጆች (አንድ ቅጂ፣ ለሁለት)
ለመንትዮቹ (ቅጂ አይላክም)