የግንደወይን ዓሣ

አክስቴ ባሕር አይተው አያውቁም። ዓሣ በመሥራት ግን ከእሳቸው ወዲያ ላሳር ነው።

የማወራው ስለ ሽምብራ ዓሣ ነው። ሁዳዴ ተጋምሶ ሰው ሽሮና ምስር ማየት ሲያንገሸግሸው፣ ግንደወይን ያለው የአክስቴ ማጀት ባሕር ይሆናል። ሽምብራው ይታመስና ይከካል፤ ገለባው ተነፍቶ ይፈጫል። ዱቄቱ በጨው፣ በጠብታ ዘይትና በውሃ ተለውሶ ይዳመጥና በቢላ የዓሣ ቅርጽ ይወጣለታል። በቢላው ጫፍ ቅርፊት፣ በክብሪት እንጨት ዓይን ይሠራለታል። ከዚያ በኑግ ዘይት ተጠብሶ ቀይ ቁሌት ውስጥ ይገባል። መልኩ የጣናን ቆሮሶም ሆነ አምባዛ አይመስልም። እውነቱን ለመናገር ነጠላ ጫማ ነው የሚመስለው። ደግሞም ሽምብራ ክረምቱ ሲያባራ መረሬ መሬት ላይ ተዘርቶ በተረፈ እርጥበት የሚያድግ እህል ነውና፣ ይኼ ዓሣ ዝናብ እንኳ በቅጡ አይቶ አያውቅም። በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም እየተባለ ስንት ክርክር ሲነሣ፣ ባልትና የሚያውቁ እናቶች ግን ነገሩን በሽምብራ ዘግተውታል።

የእኔ ችግር ሌላ ነበር። አዲስ አበባ ራሴ ስሠራው ድንጋይ ነው የሚወጣኝ። አንዱ ከእጄ አምልጦ ሴራሚኩን ሰነጠቀ ብል አጋነንክ ትሉኛላችሁ፤ የተሰነጠቀው ሳህን ነው።

ስለዚህ ዘንድሮ በደጀን፣ በቢቸና፣ በደብረ ወርቅ አድርጌ አክስቴ ዘንድ ሄድኩ። ባዶ እጄን አልሄድኩም፤ ኪሴ ውስጥ አንድ ፓኬት ቤኪንግ ፓውደር አለ። አንብቤም ነበር። ወጥ ውስጥ ሊጥ የሚጨምር ሕዝብ ብዙ ነው፤ ኮንሶዎች ኩርኩፋ አላቸው፤ ሕንድ ውስጥ ራጃስታን የሚባል ግዛት ሰዎች ይህንኑ የሽምብራ ዱቄት እንደ ዱላ ጠቅልለው ይቀቅሉና ቆራርጠው ወጥ ውስጥ ይከቱታል። እንግሊዞችማ እንዲቀልላቸው የከብት ሞራ ይጨምሩበታል። ይኼን የመጨረሻውን ለአክስቴ አልነገርኳቸውም።

ገበቴው ሲቀርብ እጅጌዬን ሰብስቤ እንደ ዳቦ ሊጥ እደቁሰው ጀመር።

«ምን በደለህ?» አሉኝ።

«እንዲለሰልስ ነው እትየ።»

«ስንዴ መሰለህ? ስንዴ ሲመታ ይለጠጣል፤ ሽምብራ ሲመታ ይቀየማል።»

የምግብ ባለሙያዎች ይህንኑ በረዥሙ ነው የሚናገሩት። ስንዴ ውስጥ ግሉተን አለ፤ ሲታሽ እንደ ላስቲክ እየተሳሳበ አየር ይይዛል። ሽምብራ ያ የለውም፤ ሲታሽ እየተጠቀጠቀ ይሄዳል እንጂ አይነፋም። አክስቴ ገበቴውን ነጠቁኝና ውሃውን በጣታቸው እየረጩ፣ ዱቄቱን ነካ ነካ እያደረጉ ሰበሰቡት። አላሹትም። ጨርቅ አልብሰው «ይጠጣ» ብለው ተዉት። ሲያዳምጡት ከእንጀራ ወፈር፣ ከቂጣ ሳሳ አደረጉት። ዘይት ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ ሰጠመ፤ ውስጡ ያለው ውሃ እንፋሎት ሲሆን ተንሳፈፈ። ላወጣው ስንደረደር እጄን ያዙኝ።

«ሲያወራ ተወው፤ ዝም ሲል አውጣው።»

ጨው ልክ ይሁን አይሁን መቅመስ የለም፤ ጾም ነው። ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ውሃ እንኳ አፋቸው አይገባም። በየትኛው የስሜት ሕዋስ ጨው እንደሚለኩ አሁንም አልገባኝም። በአፍንጫ ይመስለኛል።

ስድስት ሰዓት ላይ የቀረውን ሊጥና የተንተከተከውን ቁሌት ለእኔ አደራ ብለው ወደ ቅዳሴ ሄዱ። በሩ እንደተዘጋ ፓኬቱን አወጣሁ። አንድ ማንኪያ ሙሉ ጨመርኩ፤ ትንሽ ብትመስለኝ ደገምኩ። ዓሣዎቼ ዘይት ውስጥ ሲገቡ አበጡ፤ ጉንጭ አወጡ፤ ሁለቱ ቁርጥ እንቁራሪት መሰሉ። ደስ አለኝ። ቀለለልኝ ብዬ ሁሉንም ቁሌቱ ውስጥ ጨመርኳቸውና እሳቱን አበርትቼ ወጥቼ ፀሐይ መሞቅ ያዝኩ።

አየሩን የሚይዝ ግሉተን እንደሌለ ቅድም ራሴ ስተርክ የነበርኩ ሰው ነኝ። ተመልሼ ድስቱን ስከፍት ዓሣ የለም። በማማሰያ ፈለግኩ፤ ክንፍ እንኳ አላገኘሁም። ድስት ሙሉ ሽሮ ይንተከተካል።

አክስቴ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን የንስሐ አባታቸውን አስከትለው ገቡ። ድስቱን ገለጥ አድርገው አዩና ቀና አሉ።

«ዓሦቹስ?»

«አሉ እትየ፤ ጠልቀው ነው።»

ማዕዱ ቀርቦ ተባረከ። አባ አንድ ሁለት ጎረሱና «ሽሮው ጥሩ ነው» አሉ፤ ቀጥለው፣ «ዛሬ ዓሣ ነው አላልሽኝም ነበር?»

«ዓሣ ነው አባ» አሉ አክስቴ። «የአዲስ አበባ ነው፤ ይሟሟል።»

ተነሥተው ከማጀት አንድ የተከደነ ሳህን አመጡ። ጠዋት የጠበሷቸው ስድስት ዓሦች ተደርድረዋል፤ ለካ ደብቀዋቸው ነው የሄዱት። በእኔ ሽሮ ላይ አንድ በአንድ አሰፈሯቸው። የኪሴን ፓኬት ገና ስገባ አይተውት ኖሯል።