«አንድ ሰው ብቻ!»፦ በሰቆጣ መናኸሪያ የወንበር አሻሻጥ ላይ የተደረገ ጥናት

ከሰቆጣ ወደ ኮረም፣ ወደ ወልዲያ ወይም ወደ ባሕር ዳር ለመሄድ የተነሣ መንገደኛ ወንበር የሚያገኝባቸው ሁለት መንገዶች አሉ። አንዱ ከትኬት መስኮቱ በታሪፍ መግዛት፣ ሁለተኛው ከመስኮቱ ፊት ለፊት ከቆመው ደላላ «በቅናሽ» መግዛት ነው። ይህ ጥናት የሁለቱን ልዩነት ይመረምራል። የጥናቱ ወሰን ከመናኸሪያው በር እስከ ጋቢናው ነው። መረጃው የተሰበሰበው ሻንጣ ይዞ በመቆም ነው። ሻንጣ የያዘ ተመራማሪ መጠይቅ መበተን አያስፈልገውም፤ መላሾቹ ራሳቸው መጥተው ሻንጣውን ይዘውለት ይሄዳሉ፣ እሱም ሳይወድ ይከተላቸዋል።

የታሪክ ዳራ። ሰቆጣ የምትገኝበት ዋግ ለመካከለኛ ሰው እንግዳ አይደለም። ሰቆጣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የታወቀች የጨው ገበያ ነበረች። ከአፋር በረሃ የተቆረጠ አሞሌ ጨው በግመልና በበቅሎ ደጋውን ወጥቶ እዚህ ይደርስና ወደ መሐል አገር ያልፍ ነበር። ከጨው ምድሩ በራቀ ቁጥር በአንድ ብር የሚገኘው አሞሌ እያነሰ ይሄድ ነበር። ያኔ አሞሌው ስለ ተጓዘ ዋጋው ጨመረ። የዛሬው ወንበር ግን መናኸሪያው ውስጥ እንደቆመ ነው፤ የሚጓዘው ዋጋው ብቻ ነው።

የሕግ ማዕቀፍ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ደላላን ከነጋዴዎች ተርታ አስቀምጦት ነበር፤ ሥራውም ውል የሚዋዋሉ ወገኖችን ማገናኘት ነው። እዚህ ላይ አንድ ሳይንሳዊ ችግር ይነሣል። መንገደኛውና መኪናው በአንድ ግቢ ውስጥ ጥቂት እርምጃ ተራርቀው ቆመዋል። ስለዚህ ለማገናኘት አስቀድሞ ማራራቅ ያስፈልጋል። ይህም «ትኬት አልቋል» በሚል አጭር ዐረፍተ ነገር ይፈጸማል። ከዚያ «እናቴ፣ ለእርስዎ ብዬ ነው፣ አንድ ወንበር አስይዣለሁ» ይከተላል። ቅናሽ ማለት እንግዲህ ዋጋው ከታሪፉ በላይ ከወጣበት ተራራ በከፊል መውረዱ ነው።

የደላላው ዋና መሣሪያ ጩኸት ነው። «አንድ ሰው! አንድ ሰው የቀረው!» የሚለው ጥሪ ቅጥቅጡ ባዶ ሳለም ይሰማል። እዚህ «አንድ» ቁጥር ሳይሆን ምኞት ነው። መንገደኞች ጥሪውን እንዲያምኑ ሌሎች ደላሎች ወንበር ላይ ተቀምጠው መንገደኛ ይመስላሉ፤ እውነተኛው ሲገባ አንድ በአንድ ይወርዳሉ።

አገር በቀል የሚመስለው ይህ ጥበብ ባሕር ማዶም አለ። ቡኪንግ ዶት ኮም የተባለው የሆቴል ማስያዣ ድረ ገጽ «የመጨረሻው ክፍል!» ሲል የሚያወራው በራሱ ገጽ ላይ ስለ ቀረበው ክፍል ብቻ መሆኑን ግልጽ እንዲያደርግ በ2012 ዓ.ም. ለአውሮፓ ኮሚሽን ቃል ገብቷል። ይኸው ድረ ገጽ ሆቴሎች በራሳቸው መስኮት ከእሱ በታች እንዳይሸጡ የሚከለክል የውል አንቀጽ ነበረው፤ በአውሮፓ ያነሣው በ2016 ዓ.ም. ነው። የትኬት መስኮቱ ራሱ በርካሽ እንዳይሸጥ በውል ማሰር እስካሁን የመናኸሪያችን ልጆች ያልደረሱበት ከፍታ ነው።

ለንጽጽር፣ ከዋሽንግተን ወደ ሰቆጣ የሚመጣን ዘመድ እንውሰድ። ላሊበላ ድረስ በአውሮፕላን፣ ከዚያ በመኪና ይመጣል። ትኬቱን በቅናሽ ድረ ገጽ ቆርጦ በረራው ከተሰረዘ አየር መንገዱ «ከገዙበት ይጠይቁ» ይለዋል። ድረ ገጹ ደግሞ «አየር መንገዱ እስኪመልስልን ይታገሡ» ይላል። በሰቆጣ ያው ሥነ ሥርዓት በቃል ይካሄዳል፦

«ወንበሬ ላይ ሰው ተቀምጧል።»

«ብሩን ለማን ሰጡት አባባ?»

«ለዚያ ልጅ።»

«እንግዲያ እሱን ይጠይቁት።»

ልጁ በዚህ ሰዓት በሌላ መስመር ሌላ «የመጨረሻ ሰው» እየጫነ ነው። አባባ ሞተር ላይ ይቀመጣሉ።

ግኝት። በሁለቱ ዘዴዎች መካከል ያለው ልዩነት የዋጋ አይመስልም። ጉዞው በደህና ሲጠናቀቅ ሁለቱም አንድ ናቸው፤ ደላላውም ይመሰገናል። መኪናው ሲቀር ወይም ወንበሩ ለሁለት ሰው ሲሸጥ ግን በመስኮቱ የቆረጠ ሰው የሚጮህበት አለው፤ በሦስተኛ ወገን የገዛ ዝም ብሎ ይቆጣል። ለዚህም ቁጣ ደረሰኝ አይሰጥም።

ምክረ ሐሳብ። ገንዘብ ከመስጠት በፊት «ባይሄድስ ማንን ልጠይቅ?» ማለት ይገባል። መልሱ ቢሮ ወይም የሚገኝ ሰው ከሆነ ይክፈሉ። መልሱ «አያስቡ እናቴ» ከሆነ ግን ማሰብ የሚጀመረው እዚያ ላይ ነው።