ስለ ሰርፍ ሰሌዳ አመራረጥና ለራሱ ስለሚዋሽ ገዢ

በሰርፊንግ፣ ማለትም በሰሌዳ ላይ ቆሞ የባሕርን ማዕበል በመጋለብ ስፖርት፣ ጀማሪ መባልን የጠላ፣ ዐዋቂ ለመባል ግን ገና ያልበቃ አንድ የሰው ዓይነት አለ። ይህ ሰው ማዕበሉ ተሰብሮ አረፋ ሆኖ ወደ ዳርቻ ሲገሰግስ በዚያ አረፋ ላይ በሁለት እግሩ መቆም ችሏል፤ ወደ ቀኝም ወደ ግራም ጥቂት መታጠፍ ጀምሯል፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ስለ ነፋስ አቅጣጫና ስለ ሞገድ ትንበያ ማንም ሳይጠይቀው በእራት ገበታ ላይ ማብራራት ይዟል። የስፖርቱ ሰዎች መካከለኛ ይሉታል። የሰሌዳ ምርጫ ጉዳይ በዋናነት የሚመለከተው እሱን ነው፤ ምክንያቱም ለጀማሪው አስተማሪው ስለሚመርጥለት፣ ዐዋቂው ደግሞ የሚበጀውን በልምድ ስለሚያውቅ፣ ለመሳሳት ሙሉ ነፃነት ያለው መካከለኛው ብቻ ነው።

የሰሌዳ ርዝመት በሜትር መለኪያ በሚተዳደሩት በአውስትራሊያና በፈረንሳይ ሳይቀር የሚነገረው በጫማና በኢንች ሲሆን፣ አንድ ጫማ ከ30 ሴንቲ ሜትር ጥቂት ያልፋል። 9 ጫማና ከዚያ በላይ የሆነው ረጅሙ ሰሌዳ ሎንግቦርድ፣ ከ6 ጫማ ብዙም የማይርቀውና አፍንጫው የሾለው አጭሩ ሰሌዳ ሾርትቦርድ ይባላል፤ በሁለቱ መካከል፣ በ7 ጫማ አካባቢ የሚገኘው ሚድሌንግዝ የተባለው ሰሌዳ ነው። ይህ ሰሌዳ ለመካከለኛው ሰው በስሙም በቁመቱም የተስማማ ነው፤ ሰውየው ግን መካከለኛ መባልን ስለማይወድ በሱቁ ውስጥ ሲያየው እንደማያውቀው ዘመድ አልፎት ይሄዳል።

ይሁን እንጂ ርዝመት ብቻውን ብዙ አይናገርም። ዛሬ ብዙዎቹ ሰሌዳዎች በኮምፒውተር ተነድፈው በማሽን ስለሚቀረጹ፣ ከርዝመቱ፣ ከወርዱና ከውፍረቱ ቀጥሎ ይዘታቸው በሊትር ተሰልቶ በላያቸው ላይ ይጻፋል። ይዘት ሲባል ሰሌዳው ሙሉ በሙሉ ቢሰጥም የሚያስለቅቀው የውሃ መጠን ማለት ነው፤ አርኪሜዲስ እንዳስተማረው ውሃ ውስጥ የገባ አካል ካስለቀቀው ውሃ ክብደት ጋር እኩል በሆነ ኃይል ወደ ላይ ስለሚገፋና አንድ ሊትር ውሃም አንድ ኪሎ ያህል ስለሚመዝን፣ የሰሌዳው ሊትር ከጋላቢው ኪሎ ጋር ያለ ብዙ ሒሳብ ሊነጻጸር ይችላል። በሙያው ሰዎች ዘንድ በተለመደው ግምት 75 ኪሎ ለሚመዝን ጀማሪ 75 ሊትርና ከዚያ በላይ፣ ለመካከለኛው ከ40 እስከ 50 ሊትር፣ በዓለም ውድድር ለሚሳተፈው ባለሙያ ደግሞ 27 ሊትር ገደማ ይበቃዋል። ባለሙያው በዚህች ትንሽ ሰሌዳ ላይ ሲተኛ ደረቱ ውሃ ውስጥ ይገባል፤ እሱ ግን ክንዱ የጠነከረና ማዕበሉ የሚሰበርበትን ቦታ በስንዝር የሚያውቅ በመሆኑ የጎደለውን በችሎታው ይሞላዋል። መካከለኛው በዚያችው ሰሌዳ ላይ ሲተኛ ከውሃው በላይ የሚታየው ጭንቅላቱና ተስፋው ብቻ ነው።

ነገሩ የምቾት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ጋላቢው ከመቆሙ በፊት ማዕበሉን መያዝ፣ ማለትም በሆዱ ተኝቶ በሁለት እጁ እየቀዘፈ ሰሌዳው በማዕበሉ ቁልቁለት ላይ በራሱ መንሸራተት እስኪጀምር ድረስ ፍጥነት ማግኘት አለበት። ይዘት ያለው ሰሌዳ ማዕበሉ ገና ጉብታ ሳለ መንሸራተት ስለሚጀምር ጋላቢው ለመነሣት ጊዜ ያገኛል፤ ቀጭኑ ሰሌዳ ግን የሚነቃው ማዕበሉ ግድግዳ ሆኖ ሊደረመስ ሲል በመሆኑ፣ በዚያች ቅጽበት ሁለት እጅን ተክሎ፣ እግርን ሰብስቦና ዐይንን ወደ ፊት ጥሎ መቆም ለለመደው ሰው እንኳ ፈተና፣ ላልለመደው ደግሞ በአፍንጫ ጨዋማ ውሃ ለመጠጣት ቀጠሮ መያዝ ነው። የሰርፊንግ ልምምድ አስቸጋሪ የሚሆነውም በዚህ ነው፤ ኳስ ተጫዋች ያመለጠውን ኳስ ወዲያው መልሶ ሊመታ ሲችል፣ ማዕበል ያመለጠው ጋላቢ ግን ተራው እስኪደርስ ጠብቆ፣ ቀዝፎና ደክሞ ነው ሌላ ዕድል የሚያገኘው። በውሃ ላይ ከሚያሳልፈው ጊዜ አብዛኛው በመቅዘፍና በመጠበቅ ስለሚያልቅ፣ ብዙ ማዕበል የሚያስይዘው ሰሌዳ ብዙ ያስተምረዋል፤ ጥቂት የሚያስይዘው ደግሞ ትዕግሥትን ብቻ ያስተምረዋል።

አጭር ሰሌዳ እንዴት የክብር ምልክት ሊሆን እንደበቃ የሚጠይቅ ሰው ታሪኩ ተገልብጦ ያገኘዋል። ሰርፊንግ በጠለቀ ባህልነት በኖረባት በጥንቷ ሐዋይ፣ ኦሎ የተባለው ረጅምና ወፍራም ሰሌዳ የመኳንንቱ ሲሆን፣ ተራው ሕዝብ አላያ የተባለውን አጠር ያለና ቀጭን ጣውላ ይጋልብ ነበር። በሆኖሉሉ በቢሾፕ ሙዚየም የሚገኙት፣ አብነር ፓኪ የተባለው የሐዋይ ባላባት ሰሌዳዎች ከ4 ሜትር በላይ የሚረዝሙና ከ60 ኪሎ በላይ የሚመዝኑ በመሆናቸው፣ በዚያ ዘመን ክብሩን ለማሳየት የፈለገ ሰው ረጅሙን ይዞ ይወጣ እንደነበር ይመሰክራሉ፤ እርግጥ ነው ተሸካሚም ሳያስፈልገው አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ1912 በስቶክሆልም ኦሊምፒክ በ100 ሜትር ነፃ ቀዘፋ ዋና ወርቅ ያገኘው ሐዋያዊው ዱክ ካሃናሞኩም፣ በ1914 መጨረሻ ወደ አውስትራሊያ በተጓዘ ጊዜ እዚያው ከተገኘ የጥድ ጣውላ ሰሌዳ ቀርጾ በሲድኒ ፍሬሽዋተር በተባለው የባሕር ዳርቻ ትርዒት አሳይቷል። ሁለት ሜትር ከግማሽ የሚያልፈው ይህ ሰሌዳ ዛሬም በዚያው ዳርቻ ተጠብቆ ይገኛል፤ በዚያን ጊዜ ሊትር የሚጠይቅ ሻጭ ስላልነበረም ማንም ለማንም አልዋሸም።

ውሸቱ የመጣው ከፎም በኋላ ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻ ፎም የተባለው፣ አየር የሞላበት ቀላል ቁስ በፋይበርግላስ ተለብጦ የእንጨትን ቦታ ሲወስድ ሰሌዳን መቀነስና መቅረጽ ቀላል ሆነ፤ በ1960ዎቹ መጨረሻም የአውስትራሊያና የካሊፎርኒያ ቀራጮች ከ9 ጫማ በላይ የነበረውን ሰሌዳ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወደ 7 ጫማና ከዚያ በታች አወረዱት። በ1980 አውስትራሊያዊው ሳይመን አንደርሰን ከሰሌዳው ሆድ በስተኋላ የሚተከሉትን ክንፎች፣ ማለትም ሰሌዳው ወደ ጎን እንዳይንሸራተት ውሃውን የሚይዙትን ፊን የተባሉ ስለቶች፣ ሦስት እኩል አድርጎ ሠራ፤ በዓመቱም የቤልስ ቢችን ታላቅ ውድድር በዚሁ ሰሌዳ ስላሸነፈ አሠራሩ በመላው ዓለም ተቀዳ። ከዚያ በ1992 አሜሪካዊው ኬሊ ስሌተር ገና በ20 ዓመቱ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ስሌተርና ጓደኞቹ የሚጋልቡት ሰሌዳ ጠባብ፣ ስስና አፍንጫው ወደ ላይ የታጠፈ ነበር፤ እነሱም በዚያ ሰሌዳ ከዚያ በፊት ያልታየ ነገር አሳዩ። ያን ያዩ በሺህ የሚቆጠሩ የቢሮ ሠራተኞች፣ የጥርስ ሐኪሞችና የሒሳብ አስተማሪዎች ተመሳሳዩን ገዝተው ወደ ውሃው ገቡና ሰጠሙ። ስሌተር እስከ 2011 ድረስ 11 ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ሲሆን፣ ከእነሱ መካከል አንዳንዶቹ እስከዚያ ጊዜ አንድ ማዕበል እንኳ በወጉ አልያዙም ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም።

በቀድሞው ዘመን የኢትዮጵያ መኳንንት ረጅሙን መንገድ በበቅሎ ሲጓዙ የተሸለመው ፈረስ ለጦርነትና ለጉግሥ ቀን እየተጠበቀ በባዶው ይሳብ ነበር፤ በበቅሎ በመሄዱም ክብሩ የተቀነሰበት መኮንን አልነበረም። ሚድሌንግዝ በቅሎ፣ ሾርትቦርድ የጉግሥ ፈረስ መሆናቸውን የተረዳ ገዢ ሥራው ግማሽ አልቆለታል።

ገዢው ግን ይህን አይረዳም፤ የማይረዳበትም ቦታ ሱቁ ነው። ጥሩ ሻጭ አራት ነገሮችን ይጠይቃል፤ ክብደቱ ስንት እንደሆነ፣ በሳምንት ስንት ቀን ውሃ እንደሚገባ፣ የሚጋልበው ማዕበል ምን ዓይነት እንደሆነና ማዕበሉ ላይ ከቆመ በኋላ ምን እንደሚያደርግ። መካከለኛው ገዢ አራቱንም በውሸት ይመልሳል፤ ይህን ሲያደርግ ሻጩን እያታለለ እንደሆነ ይመስለዋል፣ ሻጩ ግን ገንዘቡን ተቀብሎ ቤቱ ስለሚገባ ከውሸቱ የሚጎዳው ነገር የለም። ክብደቱን የሚናገረው ካገባበት ዓመት ወስዶ ነው፤ በቀዝቃዛ ውሃ የሚለበሰው ዌትሱት የተባለው የላስቲክ ልብስ ውሃ ሲጠጣ የሚጨምረውን ኪሎም ከቁጥር አያስገባም። በሳምንት አራት ቀን እገባለሁ የሚለው የዕረፍቱን ሳምንት አስቦ ሲሆን፣ የተቀሩት ሳምንታት ባሕሩን ከመኪና መስኮት የሚያይባቸው ናቸው። ስለ ማዕበሉ ከፍታ ሲጠየቅ የሚሰጠው ቁጥር የትልቁን ቀን ነው፤ በዚያን ቀን ዳርቻ ላይ ቆሞ ሌሎቹን ሲያይ እንደዋለ ግን ሳይናገር ያልፋል። አራተኛውን ጥያቄ በቃል አይመልስም፤ እጁን ዘርግቶ፣ ጉልበቱን ሸብረክ አድርጎና ወገቡን አዙሮ በሱቁ ምንጣፍ ላይ ያሳያል፤ በምንጣፍ ላይ ደግሞ የማይችል ሰው የለም።

ሦስተኛው ጥያቄ፣ የማዕበሉ፣ ከሌሎቹ ይልቅ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ምክንያቱም ሰሌዳ ለሰው ብቻ ሳይሆን ለውሃም ይመረጣል። በ2024 የፓሪስ ኦሊምፒክ የሰርፊንግ ውድድር የተካሄደው በታሂቲ ቴአሁፖ በተባለው ቦታ ሲሆን፣ እዚያ ማዕበሉ ከጥልቅ ባሕር መጥቶ ጥልቀት በሌለው የኮራል ድንጋይ ላይ በድንገት ስለሚሰበር ከቁልቁለቱ ጋር የሚስማማ አጭርና የታጠፈ ሰሌዳ ያስፈልጋል። በሐዋይ ዋይኪኪና በካሊፎርኒያ ሳን ኦኖፍሬ ግን ማዕበሉ ቀስ ብሎ ስለሚንከባለል ረጅም ሰሌዳ ያለው አያት ቀጭን ሰሌዳ ያለውን የልጅ ልጁን ሲበልጥ ማየት የተለመደ ነው። በሎስ አንጀለስ ፌርፋክስ ጎዳና ሊትል ኢትዮጵያ በተባለው ሰፈር ክትፎ በልቶ ወደ ምዕራብ የሚነዳ ሰው በቅርብ የሚያገኛቸው የአሸዋ ዳርቻዎች ማዕበላቸው ብዙ ጊዜ በአንድ ጊዜ የሚደረመስ ሲሆን፣ ረጋ ብሎ የሚጋለበውን ማሊቡን ለማግኘት ወደ ሰሜን ምዕራብ መቀጠል ይኖርበታል፤ ክትፎው በሊትሩ ሒሳብ ላይ ያለው ድርሻም የታወቀ ነው።

ሰሌዳን ለውሃው መምረጥ በሌላ ባሕርም ያው ነው። ወደ እስራኤል ሰርፊንግን በ1956 እንዳስገባ የሚነገርለት አሜሪካዊው ሐኪም ዶሪያን ፓስኮዊትዝ ነው። ብዙ ቤተ እስራኤላውያን በሚኖሩባቸው በአሽዶድ፣ በአሽቀሎንና በነታንያ ዛሬ ሰሌዳ ተሸክሞ ወደ ዳርቻ የሚወርድ ወጣት ማየት አያስገርምም። ሜዲትራኒያን ግን ውቅያኖስ አይደለም፤ ነፋሱ የሚነፍስበት የውሃ ስፋት ውስን ስለሆነ በአንዱና በተከታዩ ማዕበል መካከል ያለው ጊዜ ያጥራል፣ ጉልበቱም ከውቅያኖሱ ያንሳል። በዚህ ባሕር ሁለት ሦስት ሊትር መጨመር ፍርሃት ሳይሆን የመልክዓ ምድር ዕውቀት ነው።

ስለ ቅርጹ ብዙ ማለት ይቻላል፤ ለመካከለኛው ግን ጥቂቱ ይበቃል። ሮከር የሚባለው ከአፍንጫ እስከ ጭራ ያለው የሰሌዳው ጉብጠት ሲበዛ ሰሌዳው በቁልቁለት ላይ አፍንጫውን እንዳይተክል ይረዳል፣ ፍጥነቱን ግን ይቀንሳል፤ ስለዚህ ለደካማ ማዕበል ዝርግ ያለው ይመረጣል። ወርዱ ከ21 ኢንች ባያንስ፣ ክንፉም ሦስት ቢሆን አይቆጭም።

በተለይ ሊነሣ የሚገባው ላዩ ለስላሳ የሆነው የፎም ሰሌዳ ነው። በአሜሪካ ኮስትኮ በተባለው ታላቅ የችርቻሮ መደብር ከጎማና ከሽንት ቤት ወረቀት ብዙም ሳይርቅ ለዓመታት በ100 ዶላር ገደማ የተሸጠው ባለ 8 ጫማው ዌቭስቶርም ለመካከለኛው ሰው ዕፍረት ነው፤ ሲይዘው ጎረቤቱ እንዳያየው በማለዳ ይወጣል። ሐዋያዊው ባለሙያ ጄሚ ኦብራየን ግን ይህንኑ የመሰለ ለስላሳ ሰሌዳ ይዞ በአስፈሪው የፓይፕላይን ማዕበል ላይ ወጥቷል። ከዚህ መረዳት እንደሚቻለው ዕፍረቱ በሰሌዳው ውስጥ ተሠርቶ አይሸጥም፤ ገዢው ከቤቱ ይዞት ይመጣል።

እንግዲህ 75 ኪሎ የሚመዝን መካከለኛ አንባቢ ካለ፣ 7 ጫማ የሚረዝም፣ ከ45 እስከ 48 ሊትር የሚይዝ፣ ያገለገለ ሰሌዳ ይግዛ፤ የመጀመሪያው ዓመት ሰሌዳ ከድንጋይም ከሌላ ጋላቢም መጋጨቱ ስለማይቀር ለአዲስ ቀለም መክፈል ከንቱ ወጪ ነው። ከመክፈሉ በፊት ሰሌዳውን ገልብጦ ስንጥቅ ይፈልግ፤ ከመጠኑ በላይ ከከበደ ውሃ ጠጥቷልና ይተወው። ክብደቱን ሲጠየቅ ደግሞ ቁርሱን ጨምሮ ይናገር።